ጓያና የተታለለው ኤንዛይም

ጓያ ድርቅ የማይፈራ እህል ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ ጥቁሩ ዋልካ መሬት እርጥበቱን ገና ሳይጨርስ ይዘራል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ ደጋግሞ ማረስም አያሻውም፤ ከዚያ ወዲያ ዝናብ ቢቀርም ያፈራል። ጤፉ ሲመክን፣ ስንዴው ሲደርቅ ጓያ ይቆማል። ከክብደቱ ሩብ የሚያህለው ፕሮቲን ነው። ስንዴና በቆሎ የሚያንሳቸው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድም ሞልቶበታል። ተቆልቶ፣ ተቀቅሎ፣ ቂጣ ሆኖ ይበላል፤ ከባቄላና ከአተር ስለሚረክስ የድሃ ሽሮ የሚፈጨው ከእሱ ነው። አንድ ጥፋት ግን አለበት። ለሁለት ለሦስት ወር ዋና ምግቡ ያደረገውን ሰው፣ በተለይም ወጣቱን ወንድ፣ እግሩን ይይዘዋል።

አመጣጡ ብዙ ጊዜ ድንገተኛ ነው። ማታ ደህና የተኛ ሰው ጠዋት ሲነሣ እግሩ ይከብደዋል። ጡንቻው ይገተራል፣ ጉልበቱ እርስ በርሱ ይፋተጋል፣ ተረከዙ መሬት አልነካ ብሎት በጣቱ ይረግጣል። ሐኪሞች የበሽታውን ደረጃ በበትር ይቆጥሩታል፦ ያለ በትር የሚራመድ፣ በአንድ በትር የሚሄድ፣ ሁለት በትር የሚፈልግ፣ በመጨረሻም በእጁ የሚድህ። አእምሮው ደህና ነው፣ ዕድሜውም በዚህ ምክንያት አያጥርም። ታዲያ ሃያ ዓመት ሳይሞላው የተያዘ ገበሬ ቀሪውን ዘመን ሁሉ በበትር ይገፋዋል ማለት ነው፤ መድኃኒት የለውምና።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አውሮፓ ይህን በሽታ ያወቀችው በራሷ ረሃብ ነው። በ1671 የቩርተምበርግ መስፍን የጓያ ዱቄት ከዳቦ እንዳይቀላቀል አዋጅ አወጣ። በ1811 እና በ1812 ማድሪድ ስትራብ ሠዓሊው ፍራንሲስኮ ጎያ የጓያ ገንፎ የሚጠባበቁ ሰዎችን በመዳብ ላይ ቀረጸ፤ ከመካከላቸው መሬት የወደቀች ሴት ትታያለች። ህንድ ውስጥ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስንዴው ተከታትሎ ሲጠፋ በጓያ የከረሙ መንደሮች ወጣቶቻቸው እግራቸው ሲከዳቸው አዩ፤ እንግሊዛዊው መኮንን ስሊማን ጽፎታል። በ1873 የኔፕልስ ሐኪም ካንታኒ ለበሽታው ላቲሪዝም የሚል ስም አወጣለት። ከሁሉ የሚዘገንነው ግን ረሃብ ያመጣው አልነበረም። በ1942 ዛሬ ዩክሬን በሆነው በቫፕኒያርካ የእስረኞች ካምፕ የታጎሩ አይሁዶች የተሰጣቸው ምግብ ጓያ ነበር፤ በወራት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩት እግራቸውን አጡ። ምክንያቱን ለይቶ የመዘገበው እዚያው የታሰረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነው።

የእኛ ገበሬ ጓያ እግር እንደሚይዝ ለማወቅ የኔፕልስን ሐኪም አልጠበቀም። በደምቢያ፣ በፎገራ፣ በጎጃምና በወሎ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የማይስማማው እግር በሚይዝበት መንገድ ላይ ነው። አንዱ ጓያ ሲቀቀል የሚወጣውን እንፋሎት ይፈራል፣ ሌላው በገለባው ላይ መተኛትን፣ ሌላው በማሳው መካከል ማለፍን። ለእኔ ይህ አለማወቅ ብቻ አይመስለኝም። ነገ የምትበላው እህል ሌላ ከሌለህ፣ ጥፋቱን ከእህሉ ላይ አንሥተህ እንፋሎቱ ላይ ብትጥለው ይቀልልሃል።

መርዙ በስሙ የታወቀው በ1964 ነው። በባንጋሎር የህንድ ሳይንስ ተቋም ውስጥ ራዎ፣ አዲጋና ሳርማ ከጓያ ፍሬ አንድ እንግዳ አሚኖ አሲድ ለይተው አወጡ፤ በዚያው ዓመት ሙርቲ፣ ሴሻድሪና ቬንኪታሱብራማንያን የተባሉ ሌሎች ህንዳውያንም ያንኑ አገኙ። ሙሉ የኬሚስትሪ ስሙ አንድ መሥመር ስለሚፈጅ ቤታ-ኦዳፕ ተብሎ ይጠራል። ሰውነታችን ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ሃያ አሚኖ አሲዶች ውስጥ የለበትም። ቅርጹ ግን ከሃያዎቹ አንዱን፣ ግሉታሜትን፣ እጅግ ይመስላል። ግሉታሜት ደግሞ በምግብ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ በአንጎልና በአከርካሪ ውስጥ አንዱ ነርቭ ሌላውን የሚቀሰቅስበት መልእክተኛ ነው። ቤታ-ኦዳፕ ሐሰተኛ ብር ነው፤ ነርቩ ሳይመረምር እንደ እውነተኛው ይቀበለዋል።

መንትያም አለው፤ አልፋ-ኦዳፕ ይባላል። አተሞቻቸው አንድ ዓይነት ናቸው፣ ልዩነታቸው አንዷ ቅንጣት የተንጠለጠለችበት ቦታ ብቻ ነው። ጥሬው ፍሬ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ቤታ ነው። ሙቀት ሲያገኘው ከፊሉ ወደ አልፋ ይገለበጣል፤ ሚዛኑ 60 ቤታ በ40 አልፋ ገደማ ላይ ሲደርስ ይቆማል። የአልፋው ጉዳት እጅግ ያነሰ ነው። ይህ ዝርዝር ለኬሚስት ብቻ የሚሆን ይመስላል፤ ድስት ጥዶ ለሚያበስል ሰው ግን ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው፣ የበሰለው ጓያ ምን ያህል መርዝ እንደቀረው የሚወስነው ይኸው ነውና።

በጓያ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ቁና ጓያ ውስጥ ስንት እንዳለ ማወቅ ሌላ ነው። በ1978 ከመርዙ አግኚዎች አንዱ የነበረው ራዎ የመጀመሪያውን የተመቸ መለኪያ አወጣ። የጓያው ጭማቂ በጠንካራ አልካሊ ይቀቀላል፣ ከዚያ ሌላ ኬሚካል ሲጨመርበት ቢጫ ይሆናል፤ የቢጫው ድምቀት የመርዙን መጠን ይነግራል። ዘዴው ርካሽ በመሆኑ ዛሬም ይሠራበታል። እንከኑ አልፋንና ቤታን አለመለየቱ ነው። መቀቀሉ ራሱ ሁለቱንም ወደ አንድ ነገር ይለውጣቸዋልና ቢጫው ድምራቸውን እንጂ የመርዘኛውን ድርሻ አያሳይም። በዚያው በ1978 የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት በአገራችን ስለተነሣ የጓያ ወረርሽኝ የኢትዮጵያውያን ሐኪሞችንና የሥነ ምግብ ባለሙያዎችን ዘገባ አተመ። በሽታው ከመንደር ወሬነት ወደ ሕክምና መዝገብ የገባው ያኔ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገው ሌላው መሣሪያ ግን ጓያ በማያውቅ አገር፣ በልብ ቀዶ ሕክምና ክፍል አጠገብ፣ ቀደም ብሎ ተጀምሯል። አሜሪካዊው ሊላንድ ክላርክ በ1950ዎቹ አጋማሽ በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚለካ ኤሌክትሮድ ሠራ። በ1962 ከባልደረባው ከላየንስ ጋር አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ኤንዛይም በኤሌክትሮዱ ጫፍ ላይ በስስ ሽፋን ቢያዝ፣ ኤንዛይሙ በደሙ ያለውን ስኳር ሲበላ ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ መቀነሱን ኤሌክትሮዱ ያያል፤ ስለዚህ ስኳሩ ይለካል። ሐሳቡ ይህችው ናት። ዛሬ የስኳር ሕመምተኛው ጣቱን ወግቶ የሚያነበው መሣሪያ የተወለደው ከዚህ ነው። በ1967 አፕዳይክና ሂክስ ኤንዛይሙን ሙጫ መሰል ነገር ውስጥ አስገብተው ኤሌክትሮዱን በተግባር አሳዩ። በ1970 ደግሞ ጊልቦልትና ህራባንኮቫ ያንኑ ወደ አሚኖ አሲድ አዞሩት። የተጠቀሙበት ኤንዛይም ዓይነት ከእባብ መርዝ የሚገኝ ነው። የእባቡ ኤንዛይም ግን ብዙ አሚኖ አሲዶችን ሳይመርጥ ስለሚበላ የትኛው እንደተለካ ለመናገር ያስቸግራል።

አሚኖ አሲድን ነጥሎ መለካት ከሁሉ በላይ የቸገረው ሕዋስን ከአካል አውጥቶ በብርጭቆ ዕቃ ለሚያሳድግ ሰው ነበር። በ1955 ሃሪ ኢግል ከአይጥና ከሰው የተወሰዱ ሕዋሳት በብርጭቆ ውስጥ ለመኖር የትኞቹን አሚኖ አሲዶች እንደሚፈልጉ አንድ በአንድ እየቀነሰ ለየ። ያለ ግሉታሚን አይኖሩም። ግሉታሚን ደግሞ እየቆየ በራሱ ይፈርሳል፣ ሲፈርስም አሞኒያ ይተዋል፣ አሞኒያው ሕዋሱን ይጎዳል። ስለዚህ በትልልቅ ጋኖች ሕዋስ አሳድጎ መድኃኒትና ክትባት የሚያመርት ፋብሪካ ግሉታሚኑንና ግሉታሜቱን በየጊዜው ማወቅ አለበት፤ ቢያንስም ቢበዛም ምርቱ ይበላሻል። ቢሾፍቱ ከሚመረተው የከብት ክትባት አንዳንዱ ዓይነት በእንዲህ ያለ የሕዋስ እርባታ የሚዘጋጅ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከሶያ ሶስ ነው። ያማሳ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሶያ ሶስ ሲጠምቅ የኖረ ነው። የሶያ ሶስ ጣዕም ግሉታሜት ነውና ኩባንያው ግሉታሜትን መለካት ይፈልግ ነበር። በ1983 ተመራማሪዎቹ ኩሳካቤና ባልደረቦቹ፣ በስንዴ ፉርሽካ ላይ ካሳደጉት ስትሬፕቶማይሲስ ከተባለ የአፈር ባክቴሪያ፣ ግሉታሜት ኦክሲዴዝ የሚባል አዲስ ኤንዛይም አጥርተው አወጡ። ይህ ኤንዛይም ግሉታሜትን ከኦክሲጅን ጋር አገናኝቶ ይሰብረዋል፤ ከስባሪው አንዱ ሃይድሮጂን ፔሮክሳይድ ነው። ፔሮክሳይድን ኤሌክትሮድ በቀላሉ ይቆጥረዋል። እንደ እባቡ ኤንዛይም ያገኘውን ሁሉ አይበላም፤ ከሃያዎቹ ውስጥ የሚፈልገው ግሉታሜትን ነው ማለት ይቻላል። ግሉታሚንን ለመለካትም መንገዱ ቀላል ሆነ፦ መጀመሪያ ሌላ ኤንዛይም ግሉታሚኑን ወደ ግሉታሜት ይለውጠዋል፣ ቀጥሎ ይኼኛው ይቆጥረዋል። የሕዋስ እርባታ ቤቶች ወዲያው ያዙት።

ኤንዛይሙ ከወጣ ከዓመት በኋላ ሰሜን ኢትዮጵያ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ገባ። የእህል አገር ሲረግፍ የእንሰት አገር በአንጻሩ ቆሟል። በሀድያና በከምባታ ጓሮ እንሰቱ ለዓመታት ቆሞ ይጠብቃል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ይገባል፣ ቦክቶም ቆጮ ይሆናል። እንሰትም ጉድለት አለበት፣ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ለዚህ ነው ቆጮ ያለ ጎመን፣ ያለ አይብ፣ ያለ ሥጋ የማይወደደው። ግን ማንንም በበትር አላስኬደም። ሰሜኑ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው እህል ጓያ መሆኑና ደቡቡ እንሰት መሆኑ የሁለቱን አገር እግር እስከዚህ ይለየዋል።

በ1986 አሜሪካዊው ፒተር ስፔንሰርና ባልደረቦቹ ቤታ-ኦዳፕ በእርግጥ ወንጀለኛው መሆኑን የሚደግፍ ማስረጃ፣ ጦጣ ላይ ያዩትን ጨምረው፣ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። በዚያው ዘመን መርዙ በብርጭቆ ዕቃ በሚያድግ የአይጥ ነርቭ ላይ ተሞከረ። ሐሰተኛው ብር የሚሠራው ሥራ እዚያ ግልጽ ሆኖ ታየ፦ ነርቩ ያለ ዕረፍት ይቀሰቀሳል፣ ካልሲየም ይጎርፍበታል፣ በመጨረሻ ይሞታል።

በሀገራችን የበሽታውን ስፋት በቆጠራ ያሳዩት የአንጎልና የነርቭ ሐኪሙ ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። ከሀድያው ከተማ ከሆሳዕና በስተሰሜን፣ ከቡታጅራ አካባቢ፣ የሀድያ ዘመዶች የሆኑት ማረቆዎች በሚኖሩበት ወረዳ፣ 60,820 ሰዎችን ያካተተ የነርቭ ሕመሞች ጥናት መርተዋል። ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞረውም ጓያ በሚበላባቸው ወረዳዎች ቤት ለቤት ቆጠራ አካሄዱ። በ1990 የወጣው ጽሑፋቸው በሽታው በዚያ አገር እጅግ የተስፋፋ መሆኑን ለዓለም ነገረ። በ1993 ደግሞ ሕዝቡ ጓያን እንዴት አዘጋጅቶ እንደሚበላና በየምግቡ ያለውን የቤታ-ኦዳፕ መጠን የሚመለከት ጥናት ተከተለ። ጥያቄው እዚህ ላይ ከሐኪሙ እጅ ወጥቶ ወደ ኬሚስቱ ሄደ። በቂጣው ስንት አለ? በሽሮው ስንት? በንፍሮው ስንት? ቢጫው ቀለም ደግሞ አልፋና ቤታን ደባልቆ ነው የሚመልሰው።

አራት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ የኬሚስትሪ ክፍል በዚያን ጊዜ ጠንካራ የኤሌክትሮኬሚስትሪ ቡድን ነበረው፤ ከመሪዎቹ አንዱ ቴዎድሮስ ሰሎሞን ነው። ቡድኑ ከስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ይሠራ ነበር፤ ሉንድ ደግሞ በኤንዛይም ኤሌክትሮድ ስሙ የገነነ ቤት ነው። የዚህ ግንኙነት የመጀመሪያ ፍሬ በ1994 ወጣ። ግርማ ሞገስና የሉንዱ ጊሊስ ዮሐንሰን በአናሊቲካል ኬሚስትሪ መጽሔት ላይ የጓያን መርዝ በግሉታሜት ኦክሲዴዝ የሚለካ ዘዴ አሳተሙ።

የሐሳቡን ውበት ለማየት ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። ቤታ-ኦዳፕ ነርቭን የሚጎዳው ግሉታሜት መስሎ ነው። እንግዲያው ግሉታሜትን የሚበላው የጃፓኑ ኤንዛይምም ይታለል ይሆን? ይታለላል። ቤታ-ኦዳፕን እንደ ግሉታሜት ተቀብሎ ይሰብረዋል፣ ፔሮክሳይዱንም ያወጣል። ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን ሌላ ነው፦ አልፋውን አይነካውም። ቢጫው ቀለም መለየት ያቃተውን መንትያ ኤንዛይሙ በራሱ ጊዜ ለየው። ነርቭን የሚያጠፋው ማታለል መርዙን አሳልፎ የሚሰጥ ሆነ።

አንድ ችግር ቀረ፣ ትንሽም አልነበረም። ጓያ ውስጥ መርዙ ብቻ ሳይሆን እውነተኛው ግሉታሜትም አለ። ኤንዛይሙ ሁለቱንም ከበላ የሚወጣው ቁጥር የማን ነው? መልሱ የተገኘው በቅደም ተከተል ነው። የተፈጨው ጓያ ጭማቂ በቀጭን ቱቦ ውስጥ በሚፈስ ፈሳሽ ላይ ይጨመራል፤ ይህ አሠራር ሩዚችካና ሃንሰን በ1975 ዴንማርክ ውስጥ የጀመሩት ነው። ጭማቂው መጀመሪያ ግሉታሜቱን የሚያስወግድ የኤንዛይም ጣቢያ ያልፋል። ቀጥሎ ግሉታሜት ኦክሲዴዝ ታስሮ ወደተቀመጠበት ጣቢያ ይደርሳል፤ እዚያ የሚያገኘው ቤታ-ኦዳፕን ብቻ ነው። ኤንዛይሙ በጠጣር ነገር ላይ ስለታሰረ ታጥቦ አይሄድም፣ ለሚቀጥለውም ናሙና ያገለግላል። ውድ ኤንዛይም ከውጭ ለሚያስመጣ ላብራቶሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1995 ኅዳር ላይ የዓለም የጓያ ተመራማሪዎች አዲስ አበባ ተሰበሰቡ፤ የጉባኤውን ጽሑፎች ረዳ ተክለሃይማኖትና የቤልጅየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስት ፈርናንድ ላምባይን አዘጋጁት። ጉባኤው ሲካሄድ ወሎ ውስጥ ሌላ ነገር እየተጀመረ ነበር። በደላንታ ዳውንት ድርቁ ሌላውን እህል ሲያጠፋ የተረፈው ጓያ ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች እግራቸው ተያዘ። ይህን ወረርሽኝ ሐኪሙ ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ በ1999 በላንሴት አስታወቁ። አንድ መለኪያ በአራት ኪሎ እየተሻሻለ፣ የሚለካው መርዝ በዚያው ጊዜ ወሎን ማጥቃቱ ይህን ታሪክ ሳነብ ከሁሉ የሚከብደኝ ክፍል ነው። ኤሌክትሮድ እህል አይሆንም።

በ1997 የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድን፣ ግርማ ሞገስ፣ መርዕድ ተሰማና ቴዎድሮስ ሰሎሞን ያሉበት፣ ከሉንዱ ሎ ጎርተን ጋር ዘዴውን አንድ ደረጃ ከፍ አደረገው። አሁን ግሉታሜትን የሚያስወግድ ጣቢያ አላስፈለገም፤ ክሮማቶግራፊ ግሉታሜቱንና መርዙን በተለያየ ደቂቃ እንዲደርሱ አድርጎ ይለያቸዋል። የሚቀበላቸው ኤሌክትሮድ ግራፋይት ነው፤ በላዩ ሁለት ኤንዛይሞች በኦስሚየም በተሠራ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ሙጫ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንደኛው ግሉታሜት ኦክሲዴዝ ነው፣ ፔሮክሳይድ ያወጣል። ሁለተኛው ፔሮክሲዴዝ ነው፣ ፔሮክሳይዱን ይበላል፤ ሲበላ የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሮን በኦስሚየሙ አማካይነት እስከ ግራፋይቱ ይሄዳል። ሁለተኛው ኤንዛይም የተጨመረው ለጌጥ አይደለም። ፔሮክሳይድን በፕላቲኒየም በቀጥታ ለመለካት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያስፈልጋል፤ በዚያ ቮልቴጅ በምግብ ውስጥ ያሉ እንደ ቫይታሚን ሲ ያሉ ሌሎች ነገሮችም ምልክት ይሰጣሉ፣ ንባቡ ይበከላል። ፔሮክሲዴዙ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ስለሚሠራ እነዚህ ዝም ይላሉ።

በዚህ መካከል መለኪያው ወደ ማጀት ገባ። በ1998 ግርማ አካሉ ከጊሊስ ዮሐንሰንና ከናይር ጋር የጓያ ፍሬና ዱቄት ሲዘጋጅ የቤታ-ኦዳፕ መጠኑ እንዴት እንደሚለወጥ፣ በዚሁ በፈሳሽ ውስጥ በሚሠራው ዘዴ የለካበትን ጥናት አወጣ። በኃይለየሱስ ጌታሁን በኩል የተገኘው ውጤት ደግሞ ከድስቱ ሳይሆን ከሰዉ የመጣ ነው። በወሎ የታመሙትንና ያልታመሙትን ሲያነጻጽር፣ ጓያን ቀቅሎ ወይም እሸቱን በጥሬው የበላ ይበልጥ ይያዛል። ከብርዕና ከአገዳ እህል ጋር ቀላቅሎ የበላ፣ ወጡን በሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በመሳሰሉት ቅመሞች የሠራ አደጋው ይቀንስለታል። በ2003 በላንሴት የወጣው ምክር ቀላል ነው፦ በረሃብ ጊዜ ጓያ ለሚበላ ሕዝብ ከምግቡ ቢያንስ ሲሶው እንዲህ ያለ እህል እንዲሆን እርዳታው ይድረስለት። ጓያን የሚያጥሩት ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ናቸው፣ ሜቲዮኒንና ሲስቲን፤ እህል እነዚህን ይሰጣል። ልብ በሉ፣ ምክሩ ጓያ አትብሉ አይልም። ህንድ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በብዙ ግዛቶች ሽያጩን ከልክላ አይታዋለች፤ እህሉ መዘራቱን አልተወም።

የተታለለው ኤንዛይም ወደ ተወለደበት ሥራ፣ ወደ ማቦካት፣ የተመለሰው በ2004 ነው። ይርጋለም ይግዛው፣ ሎ ጎርተን፣ ቴዎድሮስ ሰሎሞንና ግርማ አካሉ ጤፍን፣ ጓያንና የሁለቱን ድብልቅ፣ 9 ለ1 እና 8 ለ2 አድርገው አቦኩ። አንዱን በላክቶባሲለስ ባክቴሪያ፣ ሌላውን ጃፓኖች ለሶያ ሶስ በሚጠቀሙበት ሻጋታና ኢንዶኔዥያውያን ቴምፔ የተባለውን ምግብ በሚሠሩበት ሻጋታ ተራ በተራ። አሚኖ አሲዶቹ እንዴት እንደተለወጡም ተከታተሉ። ውጤቱን የለካው ያው በኤሌክትሮድ የሚነበበው ክሮማቶግራፊ ነው። ሁለቱ ሻጋታዎች መርዙ ከሚበዛበት የጓያ ዘር ቤታ-ኦዳፕን በአማካይ 80 በመቶ አጠፉት፤ መርዙ ካነሰበት ዘር እስከ 97 በመቶ። የአሚኖ አሲዱም ስብጥር ተሻሻለ። ሶያ ሶስን ለመለካት የወጣ ኤንዛይም የሶያ ሶስ ሻጋታ ጓያን ማንጻቱን መስክሮ አረፈ። ቴምፔን ግን ደምቢያ ውስጥ የሚያውቀው ሰው የለም፤ ሻጋታውን ያላየ ገበሬ ሻጋታውን ሊጠቀምበት አይችልም።

በዚያው ዓመት ግርማ ሞገስና ንጉሤ ወዳጆን ጨምሮ የዚህ ሥራ ተካፋዮች የአሥር ዓመቱን ጉዞ በአንድ ጽሑፍ ጠቀለሉት። ንጉሤ በኦስትሪያዋ ግራትስ ከኩርት ካልሸር ጋር ሌላ አቅጣጫ ይዞ ነበር፦ እንደ ማኅተም በካርቦን ቀለም የሚታተም ርካሽ ኤሌክትሮድ፣ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት፣ ግሉታሜት ኦክሲዴዙን በላዩ የያዘ። ፕላቲኒየምም ኦስሚየምም አይፈልግም። ከሉንዱ ክሮማቶግራፊ ይልቅ ወደ ወረዳ ሊደርስ የሚችለው ይህ ይመስለኛል።

በ2006 የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ዋሴ የተባለውን መርዙ ያነሰ የጓያ ዝርያ ለገበሬው ለቀቀ። ዝርያ ብቻውን አይበቃም፤ ጓያ ድርቅ ሲበረታበት፣ አፈሩም ዚንክ ሲያጣ መርዙን ያበዛል፣ ድርቅ ደግሞ ሰው ጓያን የሚበላበት ጊዜ ነው። ያም ሆኖ አርቢዎቹ በየዓመቱ በብዙ የሚቆጠሩ ናሙናዎችን መለካት አለባቸው፤ ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚዘረጋው እጅ ወደ ራዎ ቢጫ ቀለም ነው። ኤንዛይሙ ውድ ነው፣ ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ ቀዝቃዛ ማቆያም ይፈልጋል።

የእንሰቱ ቆጮ፣ በሀድያና በከምባታ ዋሳ የሚባለው፣ የዚህ ታሪክ ባለ ድርሻ ሆኖ አያውቅም። የእሱ ኬሚስትሪ ብቻውን ተጠንቷል፤ በ1987 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ባዮሎጂስት ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ በጉድጓዱ ውስጥ መጀመሪያ ሊዩኮኖስቶክ የተባለው ባክቴሪያ፣ በኋላም ላክቶባሲለስ እየተተካኩ እንደሚያኮመጥጡት ጽፏል። ዋሳው መቼ እንደደረሰ የሚወስኑት ሴቶቹ ናቸው፣ በእጃቸውና በአፍንጫቸው፤ እንዳይሳሳቱም የዕድሜ ልክ ልምድ አላቸው። ትንሿ ፕሮቲን በመቡካቱ ውስጥ ወደ ምን እንደምትሄድ ግን ከአፍንጫ በላይ ነው። የታተመው የካርቦን ኤሌክትሮድ ለዚህ ጉድጓድ ቢዘረጋ ሥራው ከጓያው ይልቅ ይቀልለዋል፤ ሐሰተኛው ብር እዚህ የለም፣ ከሐሰተኛው የሚለይ ክሮማቶግራፊም አያሻም። አራት ኪሎ ለጓያ ሲሠራ አጣርቶ የጣለው ግሉታሜት ዋሳ ጉድጓድ ውስጥ ዋናው ተፈላጊ ይሆናል።